«ወራጅ አለ» ያላልኩበት ጣቢያ

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ የተሳፈርኩበት ባቡር ልጄ ቆማ ትጠብቀኝ በነበረበት ጣቢያ ሳይቆም አለፈ። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ከተማዋ ዲላ አጠገብ ካለችው ወናጎ የማትበልጥ ናት። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በሩ አጠገብ ደርሻለሁ። በመስኮቱ በኩል ለይቼ አየኋት፤ ስስ የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ ሁለት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆማለች። እሷም አየችኝ። ወዲያው አጥር መጣ፣ ከአጥሩ ቀጥሎ የበጎች መስክ።

የሄድኩበትን ምክንያት ልግለጽ። እናቷ ስታርፍ ልጄ ለቀብር አልመጣችም። ዲላ በሚገኘው ቤታችን ደጃፍ በተተከለው ድንኳን የተቀመጠው ሁሉ መቼ እንደምትደርስ ሲጠይቀኝ ሰነበተ። እሷ ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ አለች። ከዚያ በኋላ የስልክ ንግግራችን ከደኅና ዋሉ፣ ደኅና ዋይ አላልፍ ብሎ ከዓመት በላይ ቆየ። አንድ እሑድ ግን ሳላስበው፣ «ይምጡ አባባ፣ ይዩኝ» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዝኩት ሴት ልጅ ይኑረኝ አይኑረኝ ለማወቅ ነበር።

ከዲላ ወናጎ በሚመላለሰው ሚኒባስ ለመውረድ የሚፈልግ ሰው «ወራጅ አለ» ብሎ መጮኽ አለበት፤ ካልጮኸ ሾፌሩ አይቆምም። ይህን ቃል በሕይወቴ ሙሉ አውጥቼ አላውቅም። የተወሰነ ፌርማታ የሌለው ትራንስፖርት ሥርዓት አልባ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ጂኦግራፊ ሳስተምርም የእንግሊዝ ባቡር ሰው ኖረም አልኖረ በተጻፈው ደቂቃ በተጻፈው ጣቢያ ይቆማል እያልኩ በምሳሌነት እጠቅስ ነበር። ወደ ዘመዶቿ ስንሄድ ትጮኽ የነበረችው ባለቤቴ ናት። የቤተሰቦቿ እንሰት ገና ከሩቅ ብቅ ሲል፣ «ወራጅ አለ! የእኔ መምህር ድምፁን ለተማሪዎቹ ቆጥቦ ነው» ትላለች። ረዳቱ ይስቃል፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ እኔ መነጽሬን እጠርጋለሁ። ልጃችን በመካከላችን ተጨናንቃ ተቀምጣ ከሁሉም አብልጣ ትስቃለች።

ባቡሩ ጣቢያውን ጥሎ ሲሄድ ኮፍያ ያደረገውን የባቡሩን ረዳት አስቆምኩትና በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ምናልባትም በቁጣ፣ ስለምን እንዳልቆመ ጠየቅሁት። በሐዘኔታ ተመለከተኝ። ያለኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው ከዚህ የተለየ ቃል አላገኘሁለትም፤ «ጌታዬ፣ ወራጅ መኖሩን አልነገሩኝም።»

ቀጥሎ አስረዳኝ። ያ ጣቢያ ተሳፋሪው ስላነሰ ባቡሩ የሚቆመው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ወራጅ አስቀድሞ ለረዳቱ ይነግራል፤ መድረኩ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ እጁን ይዘረጋል፣ ነጂው አይቶ ያቆማል። ዓመታት ሙሉ ለተማሪ ያስተማርኩት ነገር እዚያው ፉርጎ ውስጥ ፈረሰብኝ። የእንግሊዝ ባቡር እንደ ወናጎ ሚኒባስ ነበር።

በሚቀጥለው ጣቢያ አውርዶኝ የመልሱን ባቡር ስጠብቅ ግን ከዚህ የከፋው ነገር ታየኝ። ልጄ በዚያች ከተማ ስትኖር ቆይታለች። በዚያ ጣቢያ ወደ ሥራ ትመላለሳለች። ደንቡን ታውቃለች። አንድ እጇን ከኪሷ ብታወጣ ባቡሩ ይቆም ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

በመልሱ ባቡር ገና እግሬን ሳስገባ ወራጅ መሆኔን ለረዳቱ ነገርኩ፤ ጥቂት ቆይቼ ደገምኩለት። እዚያው መድረክ ላይ አገኘኋት። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ።

«ለረዳቱ አልነገሩትም አባባ?»

«አልነገርኩትም።»

«ወራጅ አለ ማለት ነበረብዎት እኮ። እማዬ የለችም።»

እናቷን በአንደበቷ ስታነሳ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ንግግሬን አለዝቤ፣ «አንቺስ ልጄ፣ እጅሽን ለምን አልዘረጋሽም?» አልኳት።

ስለ ጣቢያው ታወራኝ ጀመር። መጋረጃ የተጋረደበትን የድንጋይ ቤት እያሳየችኝ ዱሮ ቲኬት የሚሸጥበት እንደነበር፣ አሁን ባልና ሚስት እንደሚኖሩበት ነገረችኝ። ሣር የበቀለበት ቦታ ሁለተኛ ሐዲድ ነበረበት፤ የገበሬው ወተት በጋን እየተጫነ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄድበት ነበር። መኪና በበዛ ጊዜ ሐዲዱ ተነቀለ፣ የጣቢያው ኃላፊ ተሰናበተ፣ ጣቢያው ሊዘጋ ሲል የከተማው ሰው ተሟግቶ አስቀረው። አበባውን የሚተክሉት ጎረቤቶች ናቸው፤ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ ታጠጣለች። በጥሩ ሁኔታ ነበር የተረከችልኝ፤ አንድም ጊዜ ግን ፊቴን አላየችም።

በቤቷ ያሳለፍኩት ጊዜ የሚነቀፍ አልነበረም። አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ይዤላት የሄድኩትን በርበሬ አሽትታ ወደ ጓዳ ገባችና ዐይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ስለ ቀብሩ እኔም አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም።

የተመለስኩ ዕለት እስከ ጣቢያው ሸኘችኝ። ባቡሩ በኩርባው ገና ብቅ ከማለቱ ቀኝ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ሐዲዱ ዘረጋች። ባቡሩም ዝግ ብሎ መጥቶ እግራችን ሥር ቆመ። የዚያች እጅ ፍጥነት እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ወናጎ ያሉ ዘመዶች እንዴት ተቀበለችህ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጣቢያ ወጥታ እንደጠበቀችኝ እነግራቸዋለሁ፤ እውነት ነው። ሚኒባስ ውስጥም አሁን ራሴ እጮኻለሁ፣ የሚጮኽልኝ የለምና።

ሳይፈታ የቀረው ይህ ነው፦ የደረስኩ ዕለት እጇን ያልዘረጋችው ተሳፋሪ ባለመሆኗ፣ ለረዳቱ እሳቸው ይነግሩታል ብላ ይሁን፣ ወይስ እንዳልፍ ፈልጋ፣ አላወቅሁም። በየእሑዱ እንነጋገራለን፤ አልጠየቅኋትም፣ አልነገረችኝም።