«ቁጥሩን ዝቅ አድርጊው»

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አሰንዳቦን አልፎ ወደ ጅማ ሲገሰግስ አማካሪዬ ደወሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ አንብበው ጨርሰዋል። «ግራፉ ጥሩ ነው፤ ናይትሬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ዝቅ አድርጊው» አሉኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል እምቢ አለ፤ እሳቸውም በማግስቱ ለሥልጠና ከአገር ወጡ።

ጽሑፌ ከእሸት ቡና ማጠቢያዎች በታች ስለሚወርዱት ወንዞች ነበር። በቡና ወቅት ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ እኔም በጠርሙስ እየቀዳሁ ናይትሬቱን ላቦራቶሪ አስለካለሁ። ከማጠቢያዎቹ በታች የተገኘው ልክ ከፍ ያለ ነበር። የማጠቢያዎቹ ባለቤቶች ደግሞ በከተማው ቃላቸው የሚሰማ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ዝቅ አድርጊው» ማለት ለእኔ ዋሺ ማለት ብቻ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ?

የማማክረው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ቤተሰቦቼ ሸዋ ናቸው። በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉት የክፍሌ ልጆች መረጃቸውን በሌላ ፕሮግራም ስለሚሠሩ፣ አር ከሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ጋር የምታገለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያስጀመሩኝም አማካሪዬ ናቸው። ጊንጆ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ኮምፒውተሬን ከፍቼ ግራፉ ላይ አፈጣለሁ። አንዱን ቁጥር ደምስሶ ሌላ መጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው። አልነካሁትም። ግን ብቸኝነቱ አጥንቴ ድረስ ገባ። በዚህ አገር የማምነው አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሱንም አጣሁ ብዬ አለቀስኩ።

አከራዬ፣ የጅማ ተወላጅ አዛውንት፣ ዓይኔ ማበጡን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። «ኤጋ፣ እንግዲህ ሰውዬውን ጠየቅሽው?» አሉ። ምኑ ይጠየቃል ብዬ በሬን ዘጋሁ።

አማካሪዬ እንደተመለሱ ቢሯቸው ሄድኩ። ሰላምታቸውን እንኳ በወጉ ሳልመልስ፣ «ዲግሪው ይቅርብኝ እንጂ ቁጥሩን አልቀንስም» አልኳቸው።

ግራፉን ወደ እኔ አዙረው ከጎኑ በተጻፈው ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። NO3 ይላል፤ የናይትሬት ቀመር ነው። ሦስቷ ከፊደሎቹ እኩል ተገትራለች። በኬሚስትሪ ወግ ግን አንሳ፣ ከፊደሎቹ ግርጌ ዝቅ ብላ መቀመጥ ነበረባት። ዝቅ አድርጊ ያሉኝ እሷን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ያለ ሰው መስዬሽ ነበር?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ምንም አይደል አሉ።

ማስተካከያው በአር አንዲት የትእዛዝ መስመር ብቻ ነበረች። በጥቅስ ውስጥ እንዲሁ የጻፍኩትን ስም አጥፍቼ expression(NO[3]) አልኩት። በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ቁጥር በራሱ ጊዜ አንሶ ይወርዳል። እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደደኝ። አትሜ ስወስድላቸው ግራፉ ያምር ነበር፤ እሳቸውም ብዙ አዩት። ሲመልሱልኝ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

«ጥሩ ነው፤ ያስገቡት» አሉኝ። እስክመረቅ ድረስ ዳግመኛ አንቺ ብለውኝ አያውቁም።