ለሁለት ግቢ አንድ ጋዜጣ

ዛሬ እሑድ ጠዋት ከመጋላ ገበያ የገዛሁት ሳምቡሳ ዘይት በጠጣ አሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበርና፣ አባዬ ሳምቡሳውን ትቶ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋና አሸተተው። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ሊያቃናው ሲሞክር ታላቅ ወንድሜ ከእጁ መነጨቀው። «ደም ግፊት አለበት፤ ሐኪሙ አይናደድ ብሏል» አለ፣ እሱን ሳይሆን እኔን እያየ። ጨው ከለከሉት፣ እሺ። ሻዩን ያለ ስኳር አደረጉበት፣ ይሁን። ንዴቱን የሚቀሙት ግን በምን መብታቸው ነው? ያ ሰው ሲናደድ ነበር እኮ ደስ የሚለው!

ያኔ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በባቡር ነበር የሚመጣው፣ ያውም አንድ ቀን ዘግይቶ። አባዬ ቅዳሜ ከሥራው፣ ከባቡር ጥገና ክፍል፣ ሲወጣ ይዞት ይገባና፣ እሑድ ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ወንበሩን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ደረት ከሚደርሰው ግንብ አጠገብ ያወጣል። ከግንቡ ወዲያ ጎረቤታችን አብዲ፣ መጋላ ሱቅ የነበረው ሶማሌ፣ ሽርጡን አሸርጦ የሻይ ቴርሞሱን ይዞ ይቀመጣል። ጋዜጣው የጋራቸው ስለነበር የውጨኛውን ቅጠል አባዬ፣ የውስጠኛውን አብዲ ይይዛሉ፤ የሚለዋወጡት ሁለተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ ነው፣ ከዚያ በፊት መጠየቅ ነውር ነበር። ችግሩ፣ ደህና የሚባለው ወሬ ሁሉ ፊት ገጽ ላይ ይጀምርና ወደ ገጽ አምስት ይዞራል፤ ገጽ አምስት ደግሞ አብዲ እጅ ነው።

አንድ ሰሞን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ቴምር እየነከሰ ሻይ ሲጠጣ፣ ጋዜጣው ስኳር ሞልቶ ተርፏል ብሎ በትልቁ ጻፈ። አባዬ ብርጭቆውን ግንቡ ላይ አጋጨው።

«አብዲ! ስኳሩ የታለ? ወደ አንተ ዞሯል ይላል!»

አብዲ የአማርኛ ንባብ የለመደው ባንኮኒ ጀርባ ነውና፣ ፊደሉን እየለቀመ ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው።

«ወላሂ ግርማ፣ እዚህም የለም!»

እናቴ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። እነሱ ግን አልሳቁም፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሶማሊኛ፣ መሐል ላይ ሁለቱም በኦሮምኛ እየተጋገዙ፣ ዘጋቢውንም አለቃውንም እስከ ምሳ ድረስ ሲያብጠለጥሉ ዋሉ። በማግስቱ አባዬ ሥራ የሄደው እያፏጨ ነበር።

አብዲ ካረፈ ቆየ። ልጆቹ ቤቱን ሸጡት፣ የገዛውም ሰው ግንቡን በብሎኬት ከፍ አድርጎ ሽቦ ጠመጠመበት። ወንድሜ ይህን ሁሉ እያየ የአባታችንን በሽታ ከጋዜጣ ይፈልጋል!

እልህ ያዘኝ። ወንድሜ ሊታጠብ ሲገባ ስልኬን አወጣሁና፣ የዕለቱን ወሬ ሁሉ አገላብጬ ደም የሚያፈላውን መርጬ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አባዬ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አልጮኸም፣ ማንንም ውሸታም አላለም።

«አያናድድም እንዴ፣ አባዬ?»

«ያናድዳል እንጂ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግን ከማን ጋር ልናደድ፣ ልጄ?»

ወንድሜ ታጥቦ ወጣና መሣሪያውን አምጥቶ ግፊቱን ለካው። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አየሽ? ተስተካክሏል» አለኝ።