ከኖራው መስመር ወዲህ

የልጅ ልጄ ስመኝ ያደገችው ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ነው። ገብሱ ሲያሸት ዝንጀሮ ትጠብቅ ነበር። ሌሎቹ ልጆች የሚጮኹት ዝንጀሮው ማሳው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እሷ ግን ገና ገደሉ አፋፍ ላይ ብቅ ሲል ጅራፏን አንድ ጊዜ ታጮኸዋለች። አያቷ ደሞዜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ይህች ልጅ የምትጠብቀው ዝንጀሮውን አይደለም፤ የሚመጣበትን መንገድ ነው» ይል ነበር።

ዛሬ የምትጠብቀው የባቡር ሐዲድ ነው። ወደ አዋሽ ቆላ ወርዳ፣ በሐዲዱ ጎን የጎርፍ መውረጃ በሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጠረች። ባቡሩ ሥራ አለ ብሎ አይቆምም፤ ቀንም ሌትም ያልፋል። ስለዚህ ተቋራጩ ቁፋሮ ሳይጀምር ፈርሞ የገባው ግዴታ አለ። ከሐዲዱ ወዲህ መሬቱ ላይ ነጭ የኖራ መስመር ተሰምሯል። ሰውም ማሽንም ያን መስመር የሚያልፈው ስመኝ አረንጓዴ ባንዲራ ስታነሣ ብቻ ነው። እሷም የምታነሣው የባቡር ጣቢያው በሬዲዮ «መንገዱ ነጻ ነው» ሲላት ነው። ቀዩን ካነሣች ሰው ሁሉ ይወጣል፤ የሚቆፍረውም ማሽን ወጥቶ ክንዱን መሬት ላይ ያሳርፋል።

በዚያ ነሐሴ የስምንት ወር ልጇን ልይዝላት ወርጄ ነበር። ከጓዜ መካከል ለቡሄ ብዬ የገመድሁት ጅራፍ ነበረ። ልጁ ገና በእጁ ባይጨብጠውም የአገሩን ድምፅ ይስማ ብዬ ነው። ስመኝ ስቃብኝ ከመጠበቂያ ዳሷ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሬዲዮው ዝም አለ። ነካካችው፣ መታ መታ አደረገችው፤ አልሆነም። ወዲያው ቀዩን አነሣች። ሰዉም ማሽኑም ወጣ።

ፎርማኑ መልካሙ እየተቆጣ መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጎርፍ ከቀደማቸው የሳምንት ቁፋሮ ሊደፈን ነው።

«ባቡር መጣ?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ለምን ታስቆሚያለሽ?»

«ስለማላውቅ ነዋ!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱም ባሰበት። «ቀጣዩ ባቡር የሚያልፈው በስምንት ሰዓት ነው። ይህ ጉና አይደለም፤ ዝንጀሮ አይመጣብሽም! ሬዲዮ ዝም ሲል ሥራ ይቆማል የሚል የት ተጽፏል?»

ተቋራጩ የፈረመው የግዴታ ወረቀት ከዳሱ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፏል። ሕፃኑን እንደታቀፍሁ ተጠጋሁና በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁለት። ፊደል የቆጠርሁት በስድሳ ዓመቴ ስለሆነ አልቸኩልም። «ከጣቢያው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ተቋራጩ በሐዲዱ አጠገብ የሚሠራውን ሥራ ወዲያውኑ ያቆማል።»

«እማማ፣ አንቱ ልጁን ያባብሉ» አለኝ። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞረ። «ነገ እዚህ ሌላ ሰው ይቆማል። አንች ዕቃሽን ሸክፊ።»

ሕፃኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ልጇን የምታሳድገው በዚህች ሥራ ነው። የስመኝ ክንድ ግን ዝቅ አላለም። «እስከ ነገ የምቆመው እኔ ነኝ» አለችው።

መልካሙ ማሽኑን ወደሚነዳው ወደ በላይነህ ጮኸ። «ግባ! ኀላፊው እኔ ነኝ!» በላይነህ የእኛው አገር ሰው፣ የደራ ሐሙሲት ልጅ ነው። ፈራ ተባ አለ፤ ግን ገባ። መልካሙም ከፊት ከፊት እየመራው ኖራውን አለፈ።

ስመኝ ፊሽካ ነፋች፤ የማሽኑ ጩኸት ዋጠው። ከዚያ ዓይኗን ቀና አደረገች። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ባቡር ሲቀርብ እንደሚያደርገው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ልብ አላልሁትም፤ መንገዱን የምትጠብቅ እሷ ናት። ባንዲራውን መሬት ላይ ተከለች፣ ጅራፉን ከምሰሶው አወረደች፣ አሽከርክራ ለቀቀችው። ጧ! ደገመች። ጧ!

ጅራፍ ሳይሰማ ያደገ የደራ ልጅ የለም። በላይነህ ዘወር ሲል ቀዩን አየ። ማሽኑን ወደ ኋላ ነድቶ ከመስመሩ አወጣ፣ ክንዱን አሳረፈ፣ ዘሎም ወረደ። መልካሙም ሮጠ፤ ባርኔጣው ወደቀ።

ወዲያው ባቡር የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ብቻውን ጉብታውን ዞሮ መጣ። አንድም ፉርጎ ያላስከተለ፣ በባቡሮቹ የሰዓት ሰሌዳ ላይ ያልነበረ። የማሽኑ ክንድ ቅድም ተንጠልጥሎ የነበረበትን ቦታ ጠርጎት አለፈ።

ከዚያ በላይነህ መጥቶ የስመኝን ትከሻ ሳመ። «እኅቴ፣ ቡሄ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ» አላት። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፣ አጨበጨበ። እኔ ሕፃኑን አቅፌ እልልታዬን አቀለጥሁት።

ዝናቡ ጀመረ። መልካሙ ባዶ ራሱን ቆሟል፤ ባርኔጣው ከኖራው ማዶ ነው።

«ባርኔጣዬን ላንሣ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስመኝ ቀዩን እንደያዘች «ሬዲዮው መጣ?» አለችው።

«አልመጣም።»

«እንግዲያውስ ባርኔጣውም ይጠብቃል።»

ራሱ መኪና ልኮ ከጣቢያው ሌላ ሬዲዮ አስመጣ። እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝናቡ በፀጉሩ ላይ ሲወርድ ቆሞ ጠበቀ፤ አንድ እግሩን እንኳ ከኖራው አላሳለፈም። ሬዲዮው መጣ፣ ጣቢያው ተናገረ፣ ስመኝ አረንጓዴውን አነሣች። ሄዶ ባርኔጣውን አነሣ፣ አራገፈው፣ ተመልሶም ከፊቷ ቆመ።

«ነገም እዚሁ ነሽ» አላት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙት።

«ድሮስ ዕቃዬን መች ሸከፍሁ?» አለችው።