የሞላሌው ባሕረኛ

የመንዝ ሰው ነፋስን የሚያውቀው ዐውድማ ላይ ነው። ገብሱ ይወቃና መንሽ ተይዞ ነፋስ ይጠበቃል፤ ካልመጣም ቁጭ ይባላል እንጂ ከነፋስ ጋር ግብግብ የለም። አባይነህም የኮምፒውተር የመርከብ ጨዋታ ሲጀምር ያንኑ አደረገ። ሞላሌ ገበያ ዳር ባለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቁ ተቀምጦ፣ አሮጌ ላፕቶፑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ መሐል ባሕር ላይ አቁሞ፣ ነፋሱ ከኋላዋ እስኪመጣላት ጠበቀ። ሠራተኞቿ በውኃ ጥም አለቁበት። ሸራውን ወጠር አድርጎ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዙ፣ አቀበት እንደሚወጣ ሰው ነፋስን ፊት ለፊት መግፋት እንደሚቻል የገባው ስንቱን ሠራተኛ ከጨረሰ በኋላ ነው። ባሕርን በዐይኑ ላላየ ሰው ግን ጎበዝ ባሕረኛ ወጣው።

ታናሽ ወንድሙ ምንተስኖት በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እናታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ እህል አልወርድ ብሏቸው ከረሙ። አንድ ቀን ያ ባሕር እንዴት ያለ ነው ብለው ቢጠይቁት፣ ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ አሳያቸው። ለጀልባዋ የምንተስኖትን ስም አወጣላትና ከወዲህኛው ዳርቻ ተነሥቶ፣ ማዕበሉን እያሳለፈ ማዶ አደረሳት። “ይኸው እማዬ፣ እንዲህ አድርጎ ተሻግሯል” አላቸው። ማጽናናቱ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሳቸውም ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷቸው ሳይሆን ሌላ የሚይዙት ስላልነበራቸው፣ ያቺኑ ቃል ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላገኙት ሁሉ ልጄ ተሻግሯል ይሉ ጀመር።

ከዚያ ይሥሐቅ መጣ። እዚያው መንዝ፣ የዘመሮ አገር ልጅ ነው፤ ከምንተስኖት ጋር በአንድ ጀልባ የተሳፈረ። ሱቁን አዘግቶ ለአባይነህ ብቻ ነገረው። ጀልባው ተገልብጧል፤ ምንተስኖትም ይሥሐቅ በዐይኑ እያየው ሰጥሟል። መርዶ ለእናት ሳይነገር አባይነህ እንዴት ብሎ ያልቅስ?

የቤተሰቡ የነፍስ አባት መምሬ መርስዔ ኃዘን ነገሩን ከአባይነህ ሲሰሙ አዘኑም፣ ተቆጡም። የልጁ ነፍስ ፍትሐት እየጠበቀች እናቱ ተሻግሯል እያሉ መኖር እንደሌለባቸው ተናገሩ። እሑድ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው መርዶውን ሊያረዱ ተቆረጠ። አባይነህ ግን ቀድሞ ለብቻው ከእናቱ ጋር ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡት ለመናቸው። ያን ተስፋ የተከለው እሱ ነውና እሱው ሊነቅለው ፈለገ።

እሑድ ላፕቶፑን ይዞ ቤት ገባና እናቱን አጠገቡ አስቀመጠ። ጀልባዋን ወደ ማዕበሉ ነዳት፤ ሸራውን ማውረድ ሲገባው አላወረደም፣ ጎኗንም ለሞገዱ ሰጠ። ያን ሁሉ ዘመን ሲሸሽ የኖረውን በገዛ እጁ አደረገ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ የላፕቶፑም መስኮት ጠቆረ።

“እማዬ፣ የሆነው እንዲህ ነው” አላቸው።

ወይዘሮ ጌታነሽ ገብቷቸዋል። እጃቸው ነጠላቸውን ለኃዘን ሊያዘቀዝቅ ወደ ጥለቱ ሄደ። ይህን ጊዜ ጨዋታው፣ ጀልባ በሰጠመ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ያችኑ ጀልባ ሸራዋን ዘርግታ፣ ስሟም እንደተጻፈ፣ ወደብ ላይ መልሶ አቆማት። አባይነህ ይህን ስንት ጊዜ አይቶታል! ያን ዕለት ግን ትዝ አላለውም፤ ጉድ የሠራውም ይኸው መርሳቱ ሆነ። የእናቱ እጅ ጥለቱ ላይ ቆመ።

“ይኸው ወጣ” አሉ ቀስ ብለው።

መምሬና ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ነጠላቸውን እንደ ወትሮው አጣፍተው ተቀበሏቸው። መርዶውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ይሥሐቅ በዐይኑ እንዳየ ሲነገራቸውም አልካዱም።

“ይሥሐቅ ሲሰጥም አይቷል” አሉ። “ሲወጣ ግን አላየም። እኔ አይቻለሁ። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ መምሬ።”

መምሬ ወደ አባይነህ ዞሩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አባይነህ የእናቱን ፊት አየ፤ ከስንት ወራት በኋላ ደም ተመልሶበታል። ያቺን ቃል ሳይናገር ላፕቶፑን ከደነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን እያደር ጨለመ። እናት ሳያምኑ ፍትሐቱን ማን ይድፈር፤ ሽማግሌዎቹም እንደመጡ ተመለሱ።

ዛሬም ወይዘሮ ጌታነሽ ገበያ በወጡ ቁጥር ወደ ሱቁ ጎራ ይላሉ። አባይነህ ጀልባዋን ማድረስ ይፈራል፤ ከደረሰች እናቱ የምንተስኖትን ስልክ ሊጠብቁ ነው። ማስጠምም አይችልም። ስለዚህ ሸራዋን አውርዶ መሐል ባሕር ላይ ትቷታል።

“ዛሬስ የት ደረሰ?” ይሉታል።

“ነፋስ እየጠበቀ ነው፣ እማዬ።”

የዐውድማ ሰው ናቸውና ይገባቸዋል። በርጩማ ስበው አጠገቡ ይቀመጡና አብረውት ይጠብቃሉ።