የአራሷ ገብስ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አምቦ እኛ ሰፈር ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ዛሬም ገብስ ሲፈስ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ያገኘሁትን አነባለሁ፣ ሬድዮ እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ካላወራሁ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚያን ሰሞን የሰማሁት ስለ አንጎል ነበር። ሰው ያሰበው ሲሰናከልበት የሚነሳበትን ቁጣ የሚይዝ ልጓም ከግንባሩ ጀርባ አለ አሉ። ግንባር ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ልጓሙን ማጠንከር ይቻል እንደሆነ ተመራማሪዎች እየሞከሩ ነው።

ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ጆንያ ነው። መብራቱ እየመጣ እየጠፋ ወረፋው አልላወስ ሲለኝ፣ ጤፌን ምሰሶው አጠገብ ትቼ ደጅ ላሉት ሴቶች ይህንኑ ማውራት ያዝኩ።

"ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ለወፍጮው ይምጣ፤ ለግንባራችን ይደርሳል!" አለች ጎረቤቴ ጫልቱ። ሳቅን።

ስድስት ሰዓት ላይ ስገባ ጆንያዬ የለም። ምሰሶው ጋ አንዲት የማላውቃቸው እናት ጆንያቸውን አስደግፈው ቆመዋል።

"ከጠዋት ጀምሮ የተገተርኩት ለማን ነው?" ብዬ ጆንያቸውን ጎትቼ ጣልኩት። አፉ ተፈታና ገብሱ ጭቃው ላይ ፈሰሰ።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ!" ብሎ ጮኸ ባለወፍጮው። "ወረፋሽ እንዳያልፍ ብለው ያንቺን ጎትተው ያስቀደሙልሽ እኮ እሳቸው ናቸው!"

ዞር ስል ጤፌ ሚዛን ላይ ወጥቷል።

ሴትየዋ ጎጆ ከምትባለው ከተማ የመጡ ናቸው። ልጃቸው አምቦ ወልዳለች፤ ገብሱ የገንፎዋ ነው። ቤት ሴቶች ውሃ ጥደው ይጠብቃሉ። ተፈትጎ ታምሶ የመጣ ገብስ ደግሞ ከገበያ ሮጠው የሚተኩት አይደለም።

"ኤሌክትሪኩን ላንቺ ማስቀደም ነበረብን" አለች ጫልቱ። አሁን የሳቀ የለም።

ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። እሳቸውም አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለውም ልጄ። ጆንያው ውስጥ የቀረው ለዛሬ ይበቃታል" አሉኝ። ቀጥለው፣ "ቅድም ደጅ ምን እያልሽ ነበር ያሳቅሻቸው? እኔ ጆንያ ስጎትት አልሰማሁም።"

እኔ ወሬ ወዳዷ አቀርቅሬ መልቀሜን ቀጠልኩ። አንዲት ቃል ሳልመልስላቸው የቀረውን አስፈጭተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ይህንንም አያነቡት ይሆናል። ግን ያልመለስኩት ጥያቄ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። እናቴ፣ ሳወራ የነበረው ስለ ቁጣ ልጓም ነው። እኔ ሳወራው፣ የያዙት እርስዎ ነበሩ።