የተናጋሪዎቹ ስም ዝርዝር

ወልቂጤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ አስጠርቶኝ «በሩን ዝጋ» አለኝ። እሱ በሩን ዝጋ ካለ ነገር አለ ማለት ነው። በቸሃ በኩል አንድ ባለመሬት የመንደሩን ሜዳ ቆርሶ በሽቦ አጥሮታል፤ ሰዎቹም ያለ ፈቃድ ሊሰበሰቡ ነው አለኝ። «ሄደህ አዳምጥና የሚናገሩትን ሰዎች ስም ጽፈህ አምጣ። ዋና ዋናዎቹ ይበቁኛል።»

ዋና ዋናዎቹ ምን እንደሚደርስባቸው አውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ዝርዝር ቀርቦ፣ አራት ገበሬዎች ክስ ሳይነበብላቸው ክረምቱን እስር ቤት አሳልፈዋል። ባዶ እጄን ብመለስ ደግሞ የምባረረው እኔ ነኝ፤ እናቴ ጎጃም ሆና የምትጠብቀው የእኔን ደመወዝ ነው። ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን ከፍርሃቴ ጉጉቴ ይበልጥ ነበር። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው የሚሰበሰበው ሲድር፣ ሲቀብር ወይም አዋጅ ሲነገረው ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ማንም ሳያዛቸው ተሰብስበው፣ የሹም ወዳጅ የሆነን ባለመሬት ተሳስተሃል የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ፊት እንዳላቸው ለማየት ቸኮልሁ።

በማለዳ ተነሥቼ፣ ጉብሬን አልፌ፣ በእንሰት መካከል በሚያልፈው መንገድ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሰዉ ላይ ሳይሆን ሜዳው ላይ ነው። የአገሬው ሰው ጀፎረ ይለዋል። በሁለት ረድፍ ጎጆዎች መካከል የተዘረጋ፣ ሠላሳ ሰው ጎን ለጎን ቢሄድበት የማይጣበብ የሣር ጎዳና ነው። ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ ተጠባብቆ ቆሟል። መሬት እንዲህ ባጠረበት አገር ይህን ሁሉ ሜዳ ሳያርሱ መተዋቸው ገረመኝ። በአንደኛው ዳር አዲሱ ሽቦ ሲሶውን ያህል ከልሎት ይታያል።

አንድ ጎልማሳ መጥቶ ሰላም አለኝ። መርካቶ ለብዙ ዓመት ቆብ ሲነግድ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ለምን እንደማያርሱት ጠየቅሁት።

«የምናርሰውማ ጓሮ አለን» አለኝ። «ሠርጉ እዚህ፣ ለቅሶው እዚህ፣ ሽምግልናው እዚህ። ይኼንንም ካረስነው የት ሄደን እንጣላ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን ደረቅ የእንሰት ቅጠል አነጠፈልኝና «ቁጭ በል እንጂ ወንድሜ! ቆሞ የሚያይ መንገደኛ ነው» አለኝ። አክብሮት መስሎኝ ተቀመጥሁ። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው።

ሰዉ ሣሩ ላይ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ፤ ሁሉም አሜን አለ። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ በጉራጊኛ ተናገረ፤ ባለቆቡ ነጋዴ እያንሾካሾከ ይተረጉምልኛል። ሽቦው ይነሣ ነው የሚለው። ደብተሬን አወጣሁና «ስሙ ማን ነው?» አልሁት።

«የአክስቴ ባል ነው።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱማ ጎረቤታችን ነው። ደግ ሰው።»

ሦስተኛው ሲነሣ «እኚህን አባባ ነው የምንላቸው» አለኝ። ዘመድ ቆጠራው ጥሩ ነበር፤ ለዝርዝሬ ግን አልሆነኝም።

ይባስ ብሎ የንግግሩ ወግ ራሱ አምታታኝ። ሁለተኛው ተናጋሪ የራሱን ከመናገሩ በፊት የፊተኛውን ቃል አንድ በአንድ ደገመ። ሦስተኛው የሁለቱን ደግሞ የራሱን ጨመረ። አንድ ቁጡ ሰው ሽቦውን ዛሬውኑ እንቁረጠው ሲል፣ እሱም መጀመሪያ የሌሎቹን ለስላሳ ቃል በትዕግሥት ደገመ። ከእሱ የቀጠለው ደግሞ አንቁረጠው፣ ሽማግሌ እንላክ ሊል ነው የተነሣው፤ ግን የቁጡውን ቃል አንዲት ሳይቀንስ፣ ቁጣውን ጭምር ተናገረለት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ባለቆቡን ስጠይቀው «የሰማኸውን ሳትመልስ የራስህን ካመጣህ አልሰማህም ማለት ነዋ!» አለኝ።

ስምንተኛው ሰው ሲቀመጥ የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሽቦው ይነሣ ያላለ የለም፤ ሽማግሌ እንላክ ያላለም ጥቂት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኔ ከሃምሳው መካከል ዋናውን ሎሚ ፈልግ ተብዬ ነው የመጣሁት።

በዚህ መካከል ከደብተሬ ቀና ስል ሁሉም ወደ እኔ ያያል።

«ያንተ ተራ ነው» አለኝ ባለቆቡ።

«የምን ተራ? እኔ እንግዳ ነኝ!»

«ተቀምጠሃል እኮ። የተቀመጠ ሳይናገር አይነሣም።»

የመጣሁበትን ያውቁ ነበር? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ደብተሬን ሁሉም አይተውታል፤ ማንም ግን ዝጋው አላለኝም። እናቴ ስትሸኘኝ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ነበር የመከረችኝ። እኔ ግን ደብተሬን ዘግቼ ተነሣሁ። እንደ ወጉ የስምንቱንም ቃል ደገምሁ፤ የቁጡውን ስደግም ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ፤ ሰዎቹም ሳቁ። ከዚያ የራሴን ጨመርሁ። «በእኔ አገር ለሁሉም የሚሆን እንዲህ ያለ ሜዳ የለም። ቢኖረን ኖሮ እኔም ሲታጠር ዝም አልልም ነበር» አልሁ።

ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሽማግሌው መረቁኝ። በሰው ፊት ያሰብሁትን ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ደነገጥሁ። እነሱ ግን ሽማግሌ ለመላክ ተስማምተው፣ እንደ ማንኛውም ቀን ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ወልቂጤ ተመልሼ ወረቀት ፊት ተቀመጥሁ። በገበያ ቀን ወጥቼ ብጠይቅ የስምንቱን ስም እስከ አያታቸው ድረስ አገኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ባዶ ወረቀት መስጠት ደግሞ ውሸት ሆነብኝ፤ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ስሙን ጽፌ ፈረምሁበት።

አለቃዬ ወረቀቱን አየ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ይኼ ያንተ ስም ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ትቀልድብኛለህ?»

«አልቀለድሁም። ተናግሬአለሁ።»

«ሌሎቹስ ምን አሉ?»

«እኔ ያልሁትን ነው ያሉት» አልሁ። እንዲያውም እነሱ ያሉትን ነበር እኔ ያልሁት፤ ግን እሱን ማስረዳት ረጅም ነገር ሆነብኝ። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ውጣ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምጽፍ እያሰብሁ ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ። ከዚያ ደብዳቤውን እንደገና ሳነበው ሳቄ መጣ። «ያለ ፈቃድ ለተደረገው ስብሰባ ዋና ቀስቃሽና መሪ ሆነህ በመገኘትህ ከሥራህ ተሰናብተሃል» ይላል። መሪ መገኘት ስለነበረበት ተገኘ። ከመንደሩ አንድም ሰው አልታሰረም። ሽቦውም ከብዙ የሽማግሌ ምልልስ በኋላ እንደተነሣ ዘግይቶ ሰማሁ።

ዛሬ ሰዎች ስለ ሰልፍና ስለ ፈቃድ ሲከራከሩ ያንን ደብዳቤ አወጣና አሳያቸዋለሁ። መሪው አንተ ነበርህ ወይ ይሉኛል። ከእኔ በፊት ስምንት ሰዎች ተናግረዋል እላቸዋለሁ፤ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም።