ማበጠሪያ ያለው ክንፍ

በእኛ መንደር ወሬ የሚቆረጠው በአውሮፕላን ነው። ከአምስተርዳም ማረፊያ ሜዳ አጠገብ ያደገ ሰው አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ ሲመጣ አፉን ይዘጋል፤ ሲያልፍ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ለመሰማት የሚጮኸው እንግዳ ብቻ ነው።

ዊብረን እዚሁ ተወልዶ ዕድሜውን የፈጀው ይህንኑ ጩኸት በማጥናት ነው። «ሊያርፍ ሲል ሞተሩማ ዝግ ይላል፤» ይለናል። «አብዛኛውን የሚጮኸው ነፋሱ ነው፣ ክንፉን ሲነካና ከኋላ ጠርዙ ሲላቀቅ።» የጉጉት ላባ ጠርዙ የተተለተለ ስለሆነ ስትበር ድምፅዋ አይሰማም ብሎ፣ በትንሽ የሙከራ ክንፍ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል፤ ከዚያ ነፋስ እየነፋበት ሲያዳምጥ ይውላል።

ጎረቤታችን ኮር አይለቀውም። «ስንት ዘመን ጉጉት ስታይ ኖርክ፣ አንድ አውሮፕላን እንኳ ዝም አላሰኘህም እኮ!»

በጸደይ የዊብረን እናት ወይዘሮ ቲኔኬ ጩኸቱ እንቅልፍ ቢያሳጣት ጊዜ ቤቷን ልትሸጥ ገዢ አገኘች። በዚያው ሰሞን ዊብረን እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ ጩኸቱ ከግማሽ በታች ወረደ! ጥርስ ያለው ክንፍና ጥርስ የሌለው ሰማይና ምድር ናቸው!»

እሷም ልጇን አምና ገዢውን መለሰችው።

የልደቷ ቀን፣ እንደ ልማዳችን ወንበሩን ክብ አድርገን፣ እርስ በርስ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን የፖም ኬክ ስንበላ፣ ዊብረን ዘግይቶ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ።»

ትንሽ ክንፍ፣ ነፋሱ እጅግ ለስልሶ ስለሚያልፍበት፣ ትልቁ አውሮፕላን የማያውቀውን ፉጨት ያፏጫል። እንዳያፏጭ ከፊት በኩል ሸካራ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ዊብረን ፕላስተሩን ጥርስ ያለው ላይ ለጥፎ፣ ጥርስ አልባውን ሲለካ ግን ረስቶት ኖሯል። ማበጠሪያው ያጠፋ የመሰለው ያንን ፉጨት ነበር።

«ታዲያ ምን ተረፈ?» አለች እናቱ።

«ትንሽ። ጆሮው ጥሩ የሆነ ይለየው ይሆናል። ያውም አውሮፕላን ላይ እስኪገጠም ገና ነው።»

«ጉጉቷ ጉድ ሠራችህ!» ብሎ ኮር ሳቀ። ማንም አላገዘውም፤ እሱም ወደ ኬኩ ተመለሰ።

ዊብረን እናቱ እግር ስር ቁጢጥ አለ። «በእኔ ቃል እዚህ እንድትቀሪ አልፈልግም። ልሽጥ ካልሽ ዕቃሽን የምሸከመው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ቲኔኬ «እኔማ...» እንዳለች አውሮፕላን መጣ። ሁላችንም ሲኒያችንን እንደያዝን ዝም አልን። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዊብረን ዓይኑን ከአፏ አልነቀለም።

አለፈ።

«...እኔማ ደክሞኛል፣ ልጄ። ለሰውየው ደውልለት፤ አሁንም ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው።»

አንገቱን ደፋ። እሷ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

«ነገ ግን ሥራህ ግባ። ፕላስተርህን ለጥፈህ እንደገና ለካው። ገዢውም መተኛት አለበት።»